የአንድሪስ ሞዘር

ሊንድሊ፣ ፍሪስቴት
ኖቬምበር 8 ቀን 1981

ለተከበሩ አክስቴ ኤልሳቤ ስናይማን
ሳርሚየንቶ፣ አርጀንቲና

ይህች ወረቀት በጤናና በጌታ ጥበቃ ሥር እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል፤ በቆሎውን ዘርተናል። ባለቤቴ ሄስተር ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው። "ለአክስትህ ሰላም በልልኝ፤ ስለ ጠመንጃ ብቻ እየጻፍክ እንዳታደነቁራቸው" ብላኛለች።

እኔ ግን ያው ልጽፍ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ "የአባቴ የአንድሪስ ጠመንጃ እስከ ዛሬ በጎች በምንሸልትበት ቤት ተሰቅሏል" አሉኝ። አክስቴ፣ ለጠመንጃ ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ነገር መጨረሻ ላይ አይጻፍም! ቁርሴን ትቼ ተነሣሁ። ሄስተር ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች።

ነገሩን ላስረዳዎ። አባቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ናችሁ፤ አንዱ ወንድም የኔ አያት ባረንድ፣ ሌላው የእርስዎ አባት አንድሪስ። ሁለቱም ከእንግሊዝ ጋር ለተደረገው ጦርነት የወጡት ፍሪስቴት በሰጠቻቸው ሞዘር ጠመንጃ ነው። አያቴ እጁን በሰጠ ቀን ካኪዎቹ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ የሰበሰቡትን ጠመንጃ ሁሉ ከምረው አቃጠሉት። እዚህ የጠመንጃ ክፍሌ ውስጥ ማርቲኒ አለኝ፣ ሊ-ሜትፎርድ አለኝ፣ ሰናድር እንኳ አለኝ። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ከዚያ አመድ የተለቀመ አንድ የሞዘር ብረት ነው። ሰደፍ የለውም፣ ሞላው በእሳት ሞቷል። የአያቴ ይሁን የሌላ ሰው ማንም አያውቅም። የሱ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

አባትዎ ግን አልሰጡም። ወደ አርጀንቲና ሲሰደዱ ፍራሽ ውስጥ ሰፍተው መርከብ ላይ ጫኑት እየተባለ ስሰማ ነው ያደግሁት። እባክዎ ከቁጥሩ ሥር "ኦ ቪ ኤስ" የሚሉ ሦስት ፊደላት፣ የፍሪስቴት ምልክት፣ ተቀርጸው እንደሆነ ይዩልኝ። ካሉ ይሽጡልኝ። ካልሸጡልኝ እንለዋወጥ። ከሄስተር በቀር የፈለጉትን ይጠይቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባረንድ የልጅ ልጅ፣ ሎረንስ ባደንሆርስት


ሳርሚየንቶ፣ ቹቡት
ጃንዋሪ 17 ቀን 1982

ልጄ ሎረንስ፣

በአዲሱ ዓመት የጌታ ሰላም በቤትህ ይሁን። ሄስተርን ጉልበቷን በሙቅ የበግ ሞራ እሽልኝ።

ለጥያቄህ መልሴ አልሸጥም ነው። አልለውጥም። አባቴ በዚህ ጠመንጃ እንግሊዝ ላይ ተኩሶበታል፣ እኔ ቀበሮ ላይ ተኩሼበታለሁ፣ ሰደፉን በቅሎ ረግጣ ሰንጥቃዋለች። አሁን የሩለፍ ነው።

ሩለፍ ልጄ የውትድርና ግዳጁን ጨርሶ ለገና ቤቱ ገባ፤ ተመስገን። በአርባ አንድ ዓመቴ የወለድኩት ነው። ሐኪሙ "የጨጓራ ሕመም ነው" ብሎ መድኃኒት ሰጥቶኝ ነበር። የጨጓራ ሕመሙ ዛሬ ከበሩ ጉበን ይረዝማል፤ ፀጉሩ እንደ አባቴ ቀይ ነው። ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ከእጄ ነጥቆኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ቤቴ ማዕድ ቤት መሆኑ ቀርቷል። ድስት በምጥድበት ብረት ይቀቅላል። ዳቦውም የተልባ ዘይት፣ የተልባ ዘይት ይላል። ራሱ ይጻፍልህ፤ እኔ በጎች አሉኝ።

ኤልሳቤ

*አጎቴ ሎረንስ፣ የአያቶቻችንን ቋንቋ ከእናቴና ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ስለተማርኩ ብሳሳት አይሳቁብኝ። ፊደላቱ አሉ! ሦስቱም! ዝገቱ ሥር ነበሩ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የማቀባበያው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አይገጥምም። አያቴ ሰርቆት ይሆን? ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከድሮ የፖሊስ ጣቢያ ፍርስራሽ አንድ ሬሚንግተን ጠመንጃ አገኘሁ። ዶሮዎች ቆጥ አድርገውት ነበር። የዶሮዎቹ ባለቤት "ዶሮዎቼ የት ይደሩ?" አለችኝ፤ ቆጥ ሠርቼላት ወሰድኩት። ስለዚህ አሁን እኔም ሰብሳቢ ነኝ። ሁለት አለኝ። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ልላገው? ሩለፍ።*


ሊንድሊ
ማርች 28 ቀን 1982

ለተወደዱ አክስቴና ለሰብሳቢው ሩለፍ፣

ሰላምና ጤና ለሁለታችሁም። በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል፤ ሄስተርም በሞራው ተሽሏታል፤ ግን እንደ በግ ትሸታለች።

ሩለፍ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ክተተው! አሁኑኑ። ያንን እንጨት አንድ ጊዜ ከላግከው የአያትህ እጅ የነካው ቦታ ጠፋ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። የተልባ ዘይት በጨርቅ፣ ስስ አድርገህ። ከዚያ ተወው። ስንጥቁንም ተወው። የበቅሎዋ ፊርማ ነው።

አያትህ አልሰረቀም። ዱር ውስጥ ሰዎቹ እሳት ከብበው ጠመንጃቸውን ይጠርጉ ነበር። ማቀባበያ ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ይደረደራል፤ ድንገት "ካኪ መጣ!" ሲባል ሁሉም እጁ የገባለትን አንሥቶ ይሮጣል። ያ ሁለተኛ ቁጥር አያትህ አጠገብ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ስሙን አናውቅም። ሌሎች ሰብሳቢዎች ቁጥሩ ያልገጠመ ጠመንጃ ዋጋ የለውም ይላሉ። እኔ እንደዚህ ዓይነቱን ነው የምወደው።

አክስቴ፣ አልሸጥም ያሉትን ሰምቻለሁ፤ ጠመንጃውን ትቻለሁ። (አልተውኩም።) ልጁን ግን ለክረምቱ ይስጡኝ። በጁን መጥቶ በቆሎ ያሰባስብልኝ፤ ወንድ ልጅ የለኝም፤ ሴቶቹ ልጆቼ ደግሞ የጠመንጃ ክፍሌን በር እንኳ አይከፍቱም። ቋንጣ ደርቆለታል። ሄስተር አልጋውን ዛሬ አነጠፈች፤ "ገና ነው" ብላት አልሰማ አለች።

በናፍቆት የሚጠብቃችሁ፣
ሎረንስ


ሳርሚየንቶ
ኤፕሪል 24 ቀን 1982

ሎረንስ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ።

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰ፤ ሩለፍ የለም። አገሪቱ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ደሴት ተጣላችና ግዳጃቸውን የጨረሱትን መልሰው ጠሯቸው። ወታደሮቹ በመኪና መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ እሱ ጓሮ ነበር። "ማ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ደሴቱን ይዘናል፣ ማንም አይተኩስም" አለኝ። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሰጠሁት። "አንዱ ይበቃኛል" ብሎ ሌላውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄደ። ተከትዬው ሮጥኩ፤ መኪናው ሄዷል።

ማቀባበያውን በታትኖት ነበር። መርፌው፣ ሞላው፣ ሌላውም ብረት ሁሉ ጋዜጣ ላይ ተደርድሯል። "አትንኪው፣ እኔ እመለስበታለሁ" ብሎኛል። ግን እዚህ አቧራ ነው፤ ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል። እንዴት እንደሚገጠም ጻፍልኝ።

እዚያ የእንግሊዝ ሬዲዮ ትሰማለህ አይደል? የኛ ሬዲዮ ሁልጊዜ ይዘፍናል። ምን እንደሚል እሱንም ጻፍልኝ።

ሄስተር ያነጠፈችውን አልጋ አታንሺው በላት።

ኤልሳቤ


ሊንድሊ
ሜይ 19 ቀን 1982

ለተወደዱ አክስቴ ኤልሳቤ፣

የማያንቀላፋው ጠባቂ ከእናንተ ጋር ይሁን። በየምሽቱ ለሩለፍ እንጸልያለን። ፓስተሩም በስሙ ጠርቶ ጸልዮለታል።

ማቀባበያው እንዲህ ነው። ሞላውን በመርፌው ላይ ያጥልቁ። የመርፌውን ጫፍ እንጨት ላይ አቁመው በሁለት እጅ ወደ ታች ይጫኑ፤ ኃይለኛ ነው፣ ጣትዎን እንዳይዝብዎ። እንደተጫነ የኋለኛውን ቁራጭ ያስገቡና ሩብ ዙር ያዙሩት። ቀጭ ሲል ገብቷል። እምቢ ካለዎ አይታገሉት። በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ለጠመንጃ ምንም አይደለም፣ መቶ ዓመት ይቆያል።

የሬዲዮውን ነገር፣ ያው ሬዲዮ ነው። አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል። ሽማግሌዎች እየተመላለሱ ነው፤ ይታረቃሉ የሚሉም አሉ። ብርዱ ስለሚበረታ ብዙ አይገፉበትም የሚሉም ሰምቻለሁ።

አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

ሎረንስ


ሳርሚየንቶ
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1982

ሎረንስ፣

ጦርነቱ በጁን አለቀ። የዚህ አገር ልጆች ተመለሱ። በጨለማ በአውቶቡስ አምጥተው አወረዷቸው። የጎረቤቴ ልጅ መጥቷል፤ እግሩ ጣት የለውም። ሩለፍን ከተኩሱ በፊት ነው ያየሁት ይላል፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም ይላል። ስጠይቀው ዓይኔን አያይም።

ኮሞዶሮ ከተማ ድረስ ሄድኩ። አንዱ ቢሮ "የደረሰበት ያልታወቀ" አለኝ። ሌላው "ምርኮኛ ሊሆን ይችላል" አለኝ። ሦስተኛው "እናት፣ ቤትዎ ይጠብቁ" አለኝ። ቤቴ ሆኜ ምን እጠብቅ?

ሜይ ላይ ስትጽፍልኝ ታውቅ ነበር። መርከብ ሰምጧል፤ አይሮፕላን ይወድቃል፤ እንግሊዞቹ ወርደዋል ወይም ሊወርዱ ነው። ሁሉን እየሰማህ ለኔ ስለ ሞላ ጻፍክልኝ። ደግነት መስሎህ ነው። ደግነት አይደለም።

ልጄ ያንተን ደብዳቤዎች እንደ ወንጌል ነበር የሚያነባቸው። ስለ ጠመንጃ፣ ስለ አያቱ፣ እሳት ከብበው ስለተቀመጡት ሰዎች። ሲጠሩት ፊቱ ላይ ፍርሃት አላየሁም። ከየት አመጣው? እኔ አይደለሁም ያስተማርኩት።

ና ጠመንጃህን ውሰድ። ዋጋ አልፈልግም። ካልመጣህ ሙስተርስ ሐይቅ ውስጥ እጥለዋለሁ።

ኤልሳቤ


ሊንድሊ
ኦክቶበር 10 ቀን 1982

አክስቴ፣

ሰላም ልልዎ እጄ ፈራ። ቢሆንም ሰላም ይሁንልዎ።

ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ አልከራከርዎም። ጠመንጃውን አልወስድም። የፈለጉትን ያድርጉበት።

ክፍሌን ዘግቼው ነበር። ትናንት ገባሁ። ያው የተልባ ዘይት ይሸታል። ሁሉም ባሉበት ቆመዋል። ልጠላቸው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ማርቲኒው ላይ ስሙንና ከተማውን የቀረጸ የእንግሊዝ ወታደር አለ፤ "ስሚት፣ ደርቢ" ይላል። ስንት ጊዜ ለእንግዳ አሳይቼ ተደስቼበታለሁ። እናቱ ምን እንደሆነች አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እንግሊዝ አገር ሚስተር ታፍሊ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ስለ ሊ-ሜትፎርድ ስንጻጻፍ ዓመታት ሆኖናል። ከሳቸው በቀር የማውቀው እንግሊዝ የለም። ጻፍኩላቸው። ቀይ ፀጉር ያለው፣ ከስፓኒሽ ሌላ የኛን ቋንቋ የሚናገር አርጀንቲናዊ ልጅ ያየ ሰው እንዳለ በሚያውቋቸው ሁሉ ያጠያይቁልኝ ብያለሁ።

ሎረንስ


ሊንድሊ
ማርች 13 ቀን 1983

ለተወደዱ አክስቴ ኤልሳቤ፣

እግዚአብሔር አጠገብዎ ይሁን። ይህን ሲያነቡ ተቀምጠው ያንብቡ፤ ሰውም አጠገብዎ ይኑር። መልስ ባይጽፉልኝም እየጠበቅሁዎ ነበር። አሁን ግን የምነግርዎ አለኝ። ሄስተር "ደብቀህ የምታስቀረው ቃል እንዳይኖር" ብላኛለች፤ አልደብቅም።

ሩለፍ ሞቷል።

ሚስተር ታፍሊ ጠይቀው ጠያይቀው ከአንድ ሌላ ጠመንጃ ሰብሳቢ ዘንድ ደረሱ። የሰውየው ልጅ ደሴቱ ላይ ዘምቶ ነበር። "ከአርጀንቲናዎቹ አንዱ ደች ይናገር ነበር" እየተባለ በወታደሮቹ መካከል ሲወራ ሰምቷል፤ የኛን ቋንቋ ማለታቸው ነው። ከዚያ ልጅ አጠገብ የነበረው ወታደር የኛው አገር ልጅ ነው፤ ዳዊ ሎምባርድ ይባላል። ከናታል ሄዶ እንግሊዝ ጦር ውስጥ የተቀጠረ ነው። አሁን ውትድርናውን ትቶ አባቱ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠራል። መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ።

ሃያ አራት ዓመት አይሞላውም። ስሜን ስነግረው የያዘውን ሳንቃ ለቀቀው። ግንድ ላይ ተቀመጥን። የነገረኝን እንደነገረኝ ልጻፍልዎ።

"ጠዋት ነው አጎቴ" አለኝ። "ተኩሱ ቆሟል፤ ጭጋግ ነው። ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞርን የቆሰለ እንፈልጋለን። ከአንድ ድንጋይ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ስፓኒሽ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል፣ 'ማ፣ በረደኝ' ይላል። በኛ ቋንቋ! ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ፀጉሩ ቀይ ነው፤ ፊቱ ጭቃ ብቻ ነው።"

"የት ነበር የተመታው?"

"ሆዱን። ሐኪም ጠራሁ፤ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀብኝ። 'አይዞህ ልጄ፣ አለሁ' አልኩት። ዓይኑን ገለጠ፤ የሚያይበት ግን አይመስለኝም። 'አጎቴ ሎረንስ? ሩለፍ ነኝ' አለኝ።"

አክስቴ፣ እዚህ ላይ ዳዊ ቀና ብሎ አየኝ። "እርስዎ ነዎት፣ አይደል?" አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"አዎ፣ ሎረንስ ነኝ አልኩት" አለ። "ሌላ ምን ልበለው? የእንግሊዝ ወታደር ነኝ ልበለው? 'ለጠመንጃው ነው የመጡት?' አለኝ። የምን ጠመንጃ እንደሆነ አላወቅሁም፤ አዎ አልኩት። ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ። 'እናቴ አትሰጥዎትም' አለኝ።"

ከዚያ በኋላ የተናገረው ጥቂት ነው። እግሬን በረደኝ አለ። ዳዊ ኮቱን አውልቆ አለበሰው፤ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘው። አንድ ጊዜ "በጎቹ ገቡ?" ብሎ ጠየቀ። "ገብተዋል" አለው። ከዚያ የሩለፍ እጅ ላላ።

እዚያው ድንጋዩ ሥር ቀበረው። "ሩለፍ" ብሎ ስሙን የሳጥን ጣውላ ላይ ጽፎ ተከለበት፤ የአባቱን ስም አያውቅም። አሁን በቅርቡ እንግሊዞቹ የወደቁትን ሁሉ አንሥተው አንድ ቦታ አሳርፈዋቸዋል ይባላል። ጣውላው እስከዚያ ድረስ በዚያ ነፋስ መቆሙን ዳዊ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። መስቀል እንደተተከለላቸው ግን ሰምቻለሁ።

ስነሣ እጄን ያዘኝና፣ "አጎቴ፣ በስምዎ ዋሸሁ፤ በድዬ ይሆን?" አለኝ። አልመለስኩለትም። አቅፌው ሁለታችንም አለቀስን። መልሱ የእርስዎ ነው ብዬ አስቤ ነው።

የሄደው እኔ አብሬው ያለሁ መስሎት ነው። ይህን ይዤ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

ሎረንስ


ሳርሚየንቶ
ሜይ 29 ቀን 1983

ልጄ ሎረንስ፣

የጌታ ሰላም በአንተና በሄስተር ላይ ይሁን።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ብቻዬን ነበር ያነበብኩት፤ ሰው ይኑር ያልከውን አልሰማሁህም። ከዚያ ወጥቼ አጥር ጠገንኩ። ሌላ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ።

ደግ አደረግህ የጻፍክልኝ። እዚህ ገና የሚጠብቁ እናቶች አሉ። መኪና በቆመ ቁጥር ይነሣሉ። እኔ ተቀምጫለሁ።

ከማንም በፊት የተቆጣሁት በአንተ ነበር፤ ቅርብ የነበርከው አንተ ስለሆንክ ነው። አሁን አልቆጣም። ልጄ በመጨረሻው ሰዓት የጠራው ሰው ላይ እንዴት እቆጣለሁ? እኔንም ጠርቷል፤ አንተንም ጠርቷል። ይበቃናል።

ጠመንጃውን አልሰጥህም። እሱ እንዲያ ብሏል። ሐይቅም አልጥለውም። ማቀባበያውን እንዳልከኝ ልገጥም ሞክሬ ነበር፤ እጄ አቅም አነሰው። ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። በዕድሜህ አንድ ቀን ከመጣህ ትገጥመዋለህ፤ ገጥመህ ትተኸው ትሄዳለህ።

ለዳዊ አልበደልክም በልልኝ። እኔም አጠገቡ ብሆን ኖሮ በጎቹ ገብተዋል ነበር የምለው። አልገቡም ነበር፤ ያን ሰሞን ነፋስ በትኗቸው ነበር። ኮቱን ስለሰጠው ጌታ ይስጠው። ለእናቱም ሰላም በልልኝ።

አንድ ነገር ግን ጠይቅልኝ። አባቴን በዚህ እጄ አጥቤ ነው የቀበርኩት። ባሌንም እንዲሁ። ሩለፍን ያጠበው የለም። ፊቱ ጭቃ ብቻ ነበር ብለህ ጽፈሃል። ማታ ማታ ከሁሉ ይልቅ እሱ ነው የሚመጣብኝ። ዳዊን ጠይቀው፤ አፈር ከማልበሱ በፊት ፊቱን ጠርጎለታል? በእጁም ይሁን፣ በእጅጌውም ይሁን። ካልጠረገለት፣ አልጠረግሁለትም ይበለኝ። ለሩለፍ እንደነገረው ለኔ አይንገረኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።

ጠይቀህ ጻፍልኝ። አጭርም ቢሆን ግድ የለም።

ኤልሳቤ